ጋሽ ቀጥታ ያልጠየቁት ጥያቄ

በካርታ ክፍላችን አራት ጠረጴዛዎች ነበሩ። ሦስቱ ፊታቸው በፕላስቲክ የተለበጠ፣ ቀለል ያሉ አዳዲስ ጠረጴዛዎች ናቸው። አራተኛው፣ መስኮቱ ሥር ያለው፣ እግሩ የወፈረ የድሮ የእንጨት ጠረጴዛ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስታወት ተነጥፎበታል። ከመስታወቱ ሥር ጊዜው ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ፣ ሁለት የሠርግ ጥሪ ካርዶች፣ በእርሳስ የተሠራ አንድ ንድፍና የአንድ ልብስ ሰፊ ፎቶግራፍ ነበሩ። ልብስ ሰፊው ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሷል፤ ፊቱ ብዙም አይታይም፤ ጨርቁን የያዙት እጆቹ ግን ጥርት ብለው ይታያሉ። የዚህ ጠረጴዛ ባለቤት ጋሽ ቀጥታ ነበሩ።

የቅጽል ስሙን ታሪክ የነገረኝ ሬዲዮ የምንለው ባልደረባችን ነው። ሬዲዮ ያልነው ጠዋት አንዴ ከተከፈተ ሥራ እስክንወጣ ስለማይዘጋ ነበር።

«መጀመሪያ የተቀጠሩ ቀን ማስመሪያ አጡ፣» አለኝ። «የዚያን ጊዜው አለቃ ደግሞ እላያቸው ላይ ቆሟል። ጋሼ እርሳሳቸውን ቀረጹ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ፣ ከወረቀቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳብ! አለቃው ማስመሪያ አስመጥቶ ቢያስጠጋበት ፀጉር አይገባም።»

«አንተ አይተሃል?»

«ያኔ አልተወለድኩም። ግን አይቻለሁ።»

ራሳቸው ጋሽ ቀጥታ ሲጠየቁ «ማስመሪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ረስቼው ነው» ብለው ያልፉታል።

ሥራችን ቀያሾች ከሜዳ ለክተው ያመጡትን ወደ ካርታ መለወጥ ነው፤ የማን አጥር ከየት ተነስቶ የት እንደሚቆም፣ የውኃ ቧንቧ በማን ግድግዳ ሥር እንደሚያልፍ፣ መንገድ የት ላይ እንደሚጠብ። ጋሽ ቀጥታ ይህን ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርተውታል፤ ግማሹን በእርሳስና በቀለም፣ ግማሹን በኮምፒውተር። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ብዙዎች «አሁን አበቃላቸው» ብለው ነበር አሉ። እሳቸው ግን ሦስት ሳምንት ዝም ብለው ተቀመጡና በአራተኛው ሳምንት ከሁሉም የጠራ ካርታ አወጡ። ያኔ የሚጠቀሙባት ማውስ ጅራታም፣ በሆዷ ኳስ የያዘች ነበረች፤ ሰማያዊ የላስቲክ ምንጣፍ ላይ ሆና እንደ ባቡር ቀጥ ብላ ትሄድላቸዋለች።

ዝናብ በሚበዛበት አንድ ወር ላይ ገመድ አልባዎቹ ማውሶች መጡ። ያመጣቻቸው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ናት። አንገቷ ላይ የቁልፍ ዘለላ የምታንጠለጥል፣ ጣቶቿ ከካርቦን ወረቀት የተነሳ ሁልጊዜ ሰማያዊ የሆኑ፣ አጠር ያለች ሴት ነበረች። ሰላምታዋም ስንብቷም አንድ ነው፦ «ፈርም!» እኛም እሷ በሌለችበት «ፈርም» እንላታለን። ፊት ለፊት ግን እትዬ ነች።

ያን ቀን ጋሪዋን እየገፋች ገባችና ከየጠረጴዛው አሮጌዎቹን ማውሶች ሰበሰበች።

«ምንጣፉን ለምን ትወስጅዋለሽ፣ እትዬ?» አላት ሬዲዮ።

«መዝገቤ ላይ ማውስ ከነምንጣፉ ነው የሚለው። አሮጌው ሲመለስ ከነምንጣፉ ይመለሳል። አዲሷ ምንጣፍ አያስፈልጋትም ተብሏል። ፈርም!»

አራታችንም ፈረምን።

አዲሷ ማውስ ስትመጣ ሕይወታችን ቀለለ ማለት አልችልም። በሳምንቱ ውስጥ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ የሚወስደው ኮሪደር መንገደኛ በዛበት። ፈርም አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግማ መመለስ ሲሰለቻት ባለ ካሬ መስመር ደብተር አወጣችና ጥያቄውን፣ መልሱንና የጠያቂውን ፊርማ ማስፈር ጀመረች። ያ ደብተር ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል። ከማስታውሰው፦

«አትሠራም» የሚል ጥያቄ ስድስት ጊዜ ተጽፏል። የአራቱ መልስ «ሆዷ ላይ ያለችውን ማብሪያ አብራ» ነበር፤ የሁለቱ «ባትሪዋን አዙረህ አግባ»።

«ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካው አልተሰጠኝም። ተጭበርብሬአለሁ።» ይህን የጻፈው የሕግ ክፍሉ ሰውዬ ነው። ጥፍር የምታክለዋ መሰኪያ ከባትሪው ጎን ተሸጉጣ እንደምትመጣ ማንም አልነገረውም። ፈርም ክዳኑን ከፍታ ስታሳየው «እና እንደ አስኳል ሆዷ ውስጥ ደብቃችሁ ነው የምትሰጡን?» አላት አሉ።

«ምሳ በልቼ ስመለስ ሞታ አገኘኋት።» መልስ፦ «አልሞተችም፣ ተኝታለች። አንዴ ጫን አድርጋት።»

ሬዲዮና ከፊቱ የሚቀመጠው ባልደረባችን ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። አንዱ ማውሱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር በሌላው ስክሪን ላይ ቀስቷ እየሮጠች ሥራውን ታበላሽበታለች። «እየሰለልከኝ ነው!» «አንተ ነህ እንጂ!» ሲባባሉ ቆይተው ደብተሩ ላይ ሁለቱም ፈረሙ። መሰኪያዎቻቸውን ተለዋውጠው ሰክተው ኖሯል።

አለቃችን እንኳ አልቀሩም። አንድ ቀን ኮቴያቸውን አጥፍተው ዕቃ ግምጃ ቤት ሄዱና በሹክሹክታ «ወደ ቀኝ ስላት ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ስላት ወደ ታች ትሄድብኛለች» አሉ። ድሮ ጅራቷ የቱ ፊት እንደሆነ ይናገር ነበር፤ አሁን ጅራት የለም። ሰውዬው ሳምንት ሙሉ የኋሊት ይዘዋት ነበር የሠሩት። ፈርም ያን ጥያቄ ስትጽፍ ፊርማ አልጠየቀችም። «አንድ ኃላፊ» ብላ አለፈችው።

በዚህ ሁሉ መሀል ምንም ያልጠየቁት ጋሽ ቀጥታ ብቻ ነበሩ። እኛ አልገረመንም። መቼስ ጠይቀው ያውቃሉ? ዝም ብለው ተቀምጠው በአራተኛው ሳምንት ከሁላችን የተሻለ ያወጣሉ ብለን ጠበቅን።

አራተኛው ሳምንት መጣ። ያወጡት ነገር ግን አልነበረም። እንዲያውም ልብ ብዬ ካየሁ በኋላ ያስጨነቁኝ ነገሮች ነበሩ። ሻይ ሲጠጡ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው መያዝ ጀመሩ። ስንሰናበታቸው እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ። የእርሳሶቻቸውን ቆርቆሮ ሣጥን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት። እኔም አንድ ቀን ስለ አንድ የመንገድ ጥግ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል ቀስቷን አየኋት፤ ስክሪኑ ላይ እንደ ተያዘ ዓሣ ትዘላለች። ቀና ብዬ ሳያቸው ግንባራቸው በላብ ረጥቧል።

«ነገ ና፣» አሉኝ። ድምፃቸው የለም ማለት ይቻላል።

የፈሩትን ነገር ያወቅሁት በኋላ ነው። አባታቸው፣ መስታወቱ ሥር ያሉት ልብስ ሰፊ፣ በከተማው የታወቁ ነበሩ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ክር መርፌ ቀዳዳ አልገባ አላቸው፤ ያኔ ተማሪ የነበሩት ልጃቸው ከትምህርት ቤት እየመጡ ክር ያስገቡላቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ደንበኛ የሆነ ሰው ኮት ይዞ ተመለሰ። የጀርባው ስፌት ጠሟል። ሰውዬው አልተቆጣም፤ «ምናልባት ብርሃን አንሶዎት ይሆናል» አለና ኮቱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጦ ሄደ። አባትየው መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ፤ ከዚያ ወዲያ አልፈቱትም። አዲሷ ማውስ ስትመጣ ጋሽ ቀጥታ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር የሚጠብቅ ሰው ምልክቱን ሲያይ ሌላ ምክንያት አይፈልግም። ቀስቷ ስትንቀጠቀጥ «መጣ» አሉ፤ በቃ። ከፍርሃቱ ብዛት ደግሞ እጃቸው እውነትም ሻይ ብርጭቆ ላይ ትንሽ ይርገበገብ ጀመር። እርሳስ አንስተው አንድ መስመር ቢሞክሩ ነገሩ እዚያው ይለይ ነበር። ያን ግን አልደፈሩትም። ሣጥኗን የቆለፉትም ለዚህ ነው።

ከዚያ አንድ ካርታ ከሜዳ ተመለሰ። የአንዲት መበለት ግቢ ነው። ቀያሾቹ በቀይ እስክሪብቶ «እዚህ ላይ አጥሩ አይታጠፍም፤ መሬት ላይ ቀጥ ያለ ነው» ብለው ጽፈውበታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጋሽ ቀጥታ ጠረጴዛ ወጥቶ የተመለሰ የመጀመሪያው ካርታ ነበር። አለቃችን መስታወቱ ላይ በቀስታ አስቀመጡትና «ጋሼ፣ ምናልባት ተቻኩለው ይሆናል» አሉ።

ጋሽ ቀጥታ ካርታውን አላዩትም፤ ከሥሩ ያለውን ፎቶግራፍ ነበር የሚያዩት።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፉ። ወደ መዝገብ ቤት እንዲዛወሩ የሚጠይቅ፣ ምክንያቱ «በግል ችግር» ብቻ የሆነ፣ ሦስት መስመር ደብዳቤ። አለቃችን ሁለት ቀን ይዘውት ሰነበቱ፤ ይለምኗቸው ጀመር። «ምን ጎደለብዎት?» ቢሏቸው «ምንም»፤ «ማን አስቀየመዎት?» ቢሏቸው «ማንም»። በሦስተኛው ቀን ሳይወዱ በግድ ፈርመው ማህተም አደረጉበት። ሬዲዮ ያን ቀን ጭጭ አለ። ክፍሉ ፀጥ ሲል የግድግዳው ሰዓት ድምፅ እንዳለው መጀመሪያ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፈርም ለርክክብ መጣች። ሰው ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር በስሙ ያለው ዕቃ በሙሉ አንድ በአንድ ተቆጥሮ መመለስ አለበት። መዝገቧን አቅፋ፣ የጥያቄ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እህቴ።»

«መዝገብ ቤት ሄደው ምን ሊሠሩ? አቧራ ሊቆጥሩ?»

«አቧራ ቀጥ ማለት አያስፈልገውም።»

ልትስቅ አለችና ፊታቸውን አይታ ተወችው። መዝገቧን ከፈተች። «እሺ። ስክሪን አንድ። ኪቦርድ አንድ። ወንበር ባለ ጎማ አንድ። ማውስ ገመድ አልባ…» ጣቷን መስመሩ ላይ አቆመች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዚህ ሕንፃ ስለ ማውስ ያልጠየቀኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ዘበኛው እንኳ ጠይቆኛል፤ እሱ ኮምፒውተር የለውም።»

«ምን እጠይቃለሁ? እሷ ደህና ናት። ምንም የለባትም።»

«እሱን እኔ ልይ። ሳልሞክር አልረከብም።»

ጋሽ ቀጥታ ቦታ ለቀቁላት። ወንበራቸው ላይ ተቀመጠችና ማውሷን ያዘች። እኛም ሥራ የምንሠራ መስለን አንገታችንን ወደዚያው አሰገግን።

ቀስቷ ተንቀጠቀጠች። ፈርም ማውሷን ወደ ላይ አስኬደቻት፤ ቀስቷ ወደ ጎን ዘለለች። መለሰቻት፤ እንደ ገና ዘለለች። «እንዴ!» አለችና ሰማያዊ ጣቶቿን አጥብቃ ያዘች። ባሰባት።

ስክሪኑን ትቼ የጋሽ ቀጥታን ፊት አየሁ። እሳቸው የሚያዩት የፈርምን እጅ ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው ድንጋጤ ወደ ሐዘን ሲለወጥ አየሁት፤ ለራሳቸው ያላዘኑትን ያህል ለእሷ ያዘኑ ይመስላሉ። ጎንበስ አሉና ማንም እንዳይሰማ ቀስ ብለው፣

«እህቴ… አንቺንም ጀመረሽ?» አሏት።

«ምኑ?»

«እጅሽን።»

«እጄን ምን?» ቀኝ እጇን ከማውሷ አንስታ አየር ላይ ዘረጋችው። አምስቱም ጣቶቿ ግድግዳ ላይ እንደ ተመታ ምስማር ቀጥ ብለው ቆሙ። «ይኼ እጅ ሃያ ሁለት ዓመት ማህተም መትቷል፣ ጋሼ። ከመስመር ወጥቶ አያውቅም። ምን ሆነ አሉኝ?»

ጋሽ ቀጥታ አንድ ጊዜ የተዘረጋውን እጇን፣ አንድ ጊዜ ስክሪኑን አዩ። ከዚያ «አባቴን በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር የጀመረው» አሉ። ክፍሉ ውስጥ ላለን ሁሉ ይህ በቃን። የሻይ ብርጭቆው፣ ኪስ ውስጥ የተደበቀው እጅ፣ የተቆለፈችው የእርሳስ ሣጥን፣ ሁሉም በአንዴ ትርጉም አገኘ።

ፈርም ማውሷን ገልብጣ ሆዷን አየች፤ ቀይ መብራቷ በርቷል። መልሳ ስታስቀምጣት ቀዩ ብርሃን በመስታወቱ አልፎ የልብስ ሰፊው ፎቶግራፍ ላይ አረፈ። ፈርም መስታወቱን በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገች።

«ይቺ መብራት ዓይኗ ናት፣» አለች ለራሷ እንደምትናገር። «የምትሄድበትን እያየች ነው የምትሄደው። መስታወት ላይ ምን ታያለች?»

እጇን ስትዘረጋ መጀመሪያ ያገኘችው ተጣጥፎ የተቀመጠውን የዝውውር ደብዳቤ ነው። ዘረጋችውና ማውሷን በላዩ አስቀመጠች። ቀስቷ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተንሸራተተች። አንድም ጊዜ አልዘለለችም።



«ምንጣፍዎ የት አለ፣ ጋሼ?»

«አንቺ ወሰድሽው፣» አሉ ጋሽ ቀጥታ። «ከነምንጣፉ ነው ብለሽ።»

 የእኛ ጠረጴዛዎች ፕላስቲክ ናቸው፤ ምንጣፉ ሲወሰድ ምንም አልሆንንም። በሕንፃው ውስጥ መስታወት ያላቸው የአለቃችን ጠረጴዛና የጋሽ ቀጥታ ብቻ ነበሩ፤ አለቃችን ደግሞ ማውሷን ጋዜጣ ላይ ነበር የሚያስቀምጧት። ፈርም «ይሞክሩ» ብላ ከወንበሩ ተነሳችላቸው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ይቆይ፣» አሉ።

መሳቢያውን ከፈቱ። የቆርቆሮ ሣጥኗን አወጡ፤ ከውስጧ አንድ እርሳስ መርጠው በምላጭ ቀረጹት። ሲቀርጹ ጣታቸው ያመነታ ነበር። ባዶ ወረቀት ዘረጉ። ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳቡ።

«ማስመሪያ!» ብሎ ሬዲዮ ዘለለ።

«ተወው፣» አሉት። «አያስፈልግም።»

ሬዲዮ እስከ ዛሬ ፀጉር አይገባም ነበር እያለ ያወራል። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። መስመሯ መሀል ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከፍ ብላ ነበር። የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው እጅ ነው፤ ያለ ማስመሪያ፣ አንድ ወር ሙሉ ከፈራ በኋላ። ጋሽ ቀጥታም ያዩት ይመስለኛል፤ ወረቀቱን ዘለግ ላለ ጊዜ ሲያዩት ቆይተው ፈገግ አሉና ለፈርም ሰጧት።

እሷም የጥያቄ ደብተሯን ከብብቷ አወጣች። «በሉ አሁን ይጠይቁኝ። በወጉ ይጻፋል።»

«ምን ብዬ?»

«በልብዎ የነበረውን።»

ጋሽ ቀጥታ አሰቡ። «እንግዲህ ጻፊ። የሚንቀጠቀጠው ማነው፣ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

ጻፈች። መልሱንም ጻፈች፦ «መስታወቱ ነው።» ደብተሩን ወደ እሳቸው አዞረች። «ይፈርሙ!»

የፈረሙት ፊርማ ረዥምና ሰፊ ነበር፤ ከካሬው ወጥቶ ሁለት መስመር ያዘ። የመበለቲቱን አጥር በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት አስተካክለው ላኩት።

ምንጣፎቹ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ተጭነው ሄደው ስለነበር አልተገኙም። ፈርም ሌላ ልታስገዛ ብትነሳም ጋሽ ቀጥታ እምቢ አሉ። ማህተም ያረፈበትን ደብዳቤ በማውሷ ሥር ተዉት፤ ካርታ ክፍልም ቀሩ። ሃምሳ ስምንት መጣና ሄደ። ሃምሳ ዘጠኝም። ደብዳቤው ከመዳፋቸውና ከማውሷ ፍትጊያ የተነሳ ወረቀትነቱ ጠፍቶ እንደ ጨርቅ ለሰለሰ፤ ሦስቱ መስመሮች ተፍቀው ሐምራዊው ማህተም ብቻ ቀረ።

ጡረታ የወጡ ቀን ፈርም ለመጨረሻው ርክክብ መጣች። ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ወንበር። ማውሷን ደብዳቤው ላይ አስኬዳ ሞከረቻትና ተረከበች።

«መስታወቱስ?» አላት ሬዲዮ።

መዝገቧን ወደ ኋላ ገለጠች፤ ሌላ አሮጌ መዝገብ አስመጥታም ገለጠች። «የለም። የመሥሪያ ቤቱ አይደለም።»

«እኔ ነኝ የገዛሁት፣» አሉ ጋሽ ቀጥታ። «በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር።»

አራት ሆነን አነሳነው። የቀን መቁጠሪያው፣ ካርዶቹና ንድፉ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ፎቶግራፉ ግን ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ አብሮ ተነሳ። ሬዲዮ በጥፍሩ ሊያላቅቀው ሲል ጋሽ ቀጥታ እጁን ያዙት። «ይላጣል። እንዳለ ይሂድ።»

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። መስታወቱን እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ይዘን በእግር ወሰድነው። ሰው መንገድ እየለቀቀልን፣ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት አንገታቸውን እያዞሩ፣ እኛ እርምጃ እየመጠንን ሄድን። ስለ አባታቸው፣ ስለ ኮቱ፣ በጨርቅ ስለ ተጠቀለለው መቀስ የነገሩኝ በዚያ መንገድ ላይ ነው። በመስታወቱ ውስጥ አስፋልቱ፣ የእግራችን ጫፍና በመሀላቸው ተጣብቀው የቀሩት የልብስ ሰፊው እጆች ይታዩኝ ነበር።

መንገድ ልናቋርጥ ስንል መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ደንግጬ መስታወቱ በእጄ ውስጥ ተርገበገበ።

ጋሽ ቀጥታ ቆሙ። ሳይዞሩ፣ ትከሻቸው በሳቅ እየተነቃነቀ፣

«ይኼስ የማን ነው?» አሉኝ። «የእኔ አይደለም።»

«የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ቀጥ አድርገህ ያዝ» አሉና መንገዱን ጀመሩ።